በሰቆጣ አዳራሽ የተፈተንኩት ድንገቴ

ዋግ ጮራ የሚባለው የሰቆጣ ኪነት ቡድን እኔን ብዙነህን ሁለት ጊዜ መልሶኛል። የመጀመሪያው በ1985 ዓ.ም. ቡድኑ ሲቋቋም ነው። ማሲንቆዬን አንግቤ ሄድኩ። ኃላፊው አቶ ካሳ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣

«ሰርተፍኬት አለህ?» አለኝ።

ማሲንቆ ሰርተፍኬት እንደሚፈልግ ያን ቀን ሰማሁ። አባቴ አዝማሪ፣ የአባቴ አባት አዝማሪ፤ እነሱ ወረቀት የሚያውቁት ስኳር ተጠቅልሎበት ሲመጣ ነው። ከዓመታት በኋላ ደግሜ ብሄድ፣ «አንተማ ስድስተኛ ክፍል ነህ» ብሎ መለሰኝ። ነኝ፣ አልካድኩም። የቡድኑ ከበሮ መቺ ግን አራተኛ ነው። እሱን ማን ጠየቀው? የአቶ ካሳ የአክስቱ ልጅ ስለሆነ ከበሮው ተምሮለት ይሆናል።

በመሀል ደግሞ የወንዳወቅ ነገር አለ። ወንዳወቅን ደጋን አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጣቱን እየቆነጠጥኩ። ትንሽ ሲጎረምስ ወልድያ ወርዶ ኦርጋን ይዞ መጣ፤ እንደ ሬሳ ሣጥን የረዘመ፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ። የጎረቤቴ የማስተዋል ሰርግ ላይ እሱን ከሙሽሮቹ ፊት አስቀመጡት፣ እኔን ከጠላው ጋን አጠገብ። ጠላ የሚቀዳው ሰው ሁሉ ሲመጣ፣ «አያ ብዙነህ፣ እስቲ ክርንህን ሰብሰብ» ይለኛል። ክርኔን ሰብስቤ ማሲንቆ እንዴት ልምታ? ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ወንዳወቅ ከሩቅ ሲስቅ ግን አይቼዋለሁ።

እንዲህ እያለ 1996 መጣ። በክረምቱ ኅብረ ዜማ የሚባል የአዲስ አበባ ኮንሰርቫቶሪ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማለት ነው፣ በሰቆጣ የክረምት ትምህርት ከፈተ። የትምህርቱ ስም ረጅም ነው፤ «የዓለም ሙዚቃ ባህሎችና ድንገቴ ፈጠራ»። አቶ ካሳም በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ አስለፈፈ፤ ፈተናውን አንደኛ የወጣ በዋግ ጮራ ቋሚ ሆኖ በደመወዝ ይቀጠራል።

መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። ያን ቦታ እፈልገው ነበር። ለደመወዙ ብቻ አይደለም። አቶ ካሳ በገዛ አፉ «ግባ» እንዲለኝ ነው።

አስተማሪው ትንሣኤ የሚባል ልጅ ነው። ልጅ ያልኩት ጢሙ ገና ስለሆነ ነው እንጂ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው። ጸጉሩን እንደ ባሕታዊ ለቆታል፤ ሰው አክባሪ ነው፤ «ጋሽ ብዙነህ፣ እርስዎ» ይለኛል። በክፍሉ ውስጥ ከኔ ቀጥሎ በዕድሜ ትልቁ ወንዳወቅ ነበር። ሌሎቹ ጎረምሶችና ልጃገረዶች ናቸው። አግዳሚው አጭር በመሆኑ ጉልበቴ አገጬን ይነካ ነበር።

ዓለምን በቴፕ አሰማን። አንድ ቀን የሞንጎሊያ ነው ብሎ አንድ ሰውዬ አመጣ። በጉሮሮው ነው የሚዘፍነው። ከታች እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ በዚያው ቅጽበት ከላይ ያፏጫል።

«ሁለቱም ድምፅ የአንድ ሰው ነው» አለ ትንሣኤ።

«ደመወዙስ የስንት ሰው ነው?» አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ የጠየቅኩት የምሬን ነው።

በማግስቱ ሁላችንም በጉሮሮ እንድንዘፍን ታዘዝን። አዳራሹ ላም የሚታረድበት መሰለ። የቡድኑ ዘበኛ ዱላውን ይዞ እየሮጠ ገባ። «ማን ነው የታነቀው?» አለ። ትንሣኤ ትምህርት መሆኑን ሲነግረው ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አየና እኔ ላይ ሲደርስ፣ «አያ ብዙነህ፣ አንተስ ምን ነካህ?» ብሎኝ ወጣ። ይኸም ተመዝግቧል።

ሌላ ቀን የጃፓን ዋሽንት ነው አለ። ዋሽንቱ አንዴ «ፉ» ይላል፣ ከዚያ ጸጥ። ጠበቅሁ፤ ጸጥ። ተነሣሁና የቴፑን ድንጋይ አውጥቼ በጥርሴ ነከስ ነከስ አደረግሁት፤ የደከመ የባትሪ ድንጋይ ሲነከስ ትንሽ ነፍስ እንደሚዘራ ማን የማያውቅ አለ?

«ጋሽ ብዙነህ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ድንጋዩ አልቋል።»

«አላለቀም። ዝምታው ራሱ የሙዚቃው አካል ነው።»

እስቲ ፍረዱ። እኔ የማስተዋል ሰርግ ላይ ጋን ጥግ ዝም ብዬ ስቀመጥ ማን ሙዚቃ ነው አለኝ? ጃፓን ሲሆን ጊዜ ጥበብ፣ ብዙነህ ሲሆን ጊዜ «ክርንህን ሰብስብ»።

የከፋው ግን ድንገቴው ነው። ድንገቴ ማለት ቀድሞ ያልተዘጋጀ፣ እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚያልቅ ማለት ነው አለን። ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ አንዱ ይጫወታል፣ ቀጣዩ ይመልስለታል። ወንዳወቅ ከኔ በፊት ነበርና በኦርጋኑ አንድ ነገር ተጫወተ። ተራዬ ሲደርስ እሱ የተጫወተውን ከነጠባሳው አንድም ሳላጎድል በማሲንቆ ተጫወትኩለት።

«በጣም ጥሩ ጆሮ አለዎት» አለ ትንሣኤ። «ግን አይድገሙት። ይመልሱለት።»

እንደገና ተሞከረ። እንደገና ደገምኩት።

«ጋሽ ብዙነህ፣ ፎቶ ኮፒ ሆኑብን እኮ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረምሶቹ ፎቶ ኮፒ ይሉኝ ጀመር። የወረቀት ነገር መቼም ከኔ ጋር ጠብ አለው።

ጥፋቱ ግን የኔ አይደለም፣ የደንቡ ነው። በእኛ በአዝማሪዎች ዘንድ አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ካለና ግጥም ከሰጠ፣ አዝማሪው ያንን ግጥም ቃል ሳያጎድል በዜማ ይቀበላል። ሰጪው ባለጸጋ ይሁን ሰካራም፣ ግጥሙ ምርቃት ይሁን ስድብ፣ መጀመሪያ ትቀበላለህ። የራስህን ነገር የምታመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ ግጥም ያልተቀበለ አዝማሪ እህል እንዳልተቀበለ ወፍጮ ነው ይለኝ ነበር፤ ለምን ቆመ ታዲያ? ስለዚህ ጆሮዬ ሲሰማ እጄ ይቀበላል። እኔን አያማክረኝም።

ይህን ለትንሣኤ ብነግረው፣ «ግሩም ባህል ነው! ለፈተናው ግን ከራስዎ ይሁን» አለኝ።

እሺ፣ ከራሴ ይሁን። ቤቴን ዘግቼ አንድ ድንገቴ አዘጋጀሁ። ሦስት ሳምንት ተለማመድኩት። የት ጋ ድንገት እንደምቆም፣ የት ጋ ድንገት ዓይኔን እንደምጨፍን፣ ሁሉ ተጠንቷል። እንደ እኔ የተዘጋጀ ድንገቴ ያመጣ ተማሪ አልነበረም።

በዚህ መሀል አንዲት ቃል ከአፌ አመለጠች። ከተማሪዎቹ ዓይናዲስ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ቀጭን፣ ዘፋኝ ነኝ ባይ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ፣ «ድምፅሽ ዘይት ያጣ በር ነው የሚመስል» አልኳት። ምክር ነው። እሷ ግን እያለቀሰች ሄዳ ለእናቷ ተናገረች።

እናቷ ታይቱ ናት። ታይቱን ሰቆጣ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ጠላ ጠማቂ ናት፣ ምላሷ ከጌሾዋ የመረረ። በላዩ ላይ ደግሞ የቀድሞ ሚስቴ ታላቅ እህት ናት። ሚስቴ ጥላኝ ከሄደች ጀምሮ ስንገናኝ ሰላምታ የምንለዋወጠው መንገዱ ጠቦ መተላለፊያ ስናጣ ብቻ ነው።

የፈተናው ቀን የልጃገረዶቹ በዓል የሻደይ ዋዜማ ሆነ። ለሻደይ ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ሻደይ የሚባለውን ለምለም ቅጠል አስረው፣ ከበሮ ይዘው ከተማውን ያጥለቀልቁታል፤ ዋዜማውም ያው ልምምድ ነው። ለፈተናው የተጠሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ከቀትር በኋላ የክረምት ዝናብ ዱብ ሲል፣ ልጃገረዶቹ ከነከበሯቸው፣ እናቶቻቸው ከነጥላቸው፣ ገበያተኛው ከነበጉ ወደ አዳራሹ ተጠለሉ። የጠራቸው የለም፣ የሚያስወጣቸውም የለም። በጉ ከፊት ወንበር አጠገብ ተኛ።

ትንሣኤ ደስ አለው። «ጭራሽ ተመልካች መጣልን!» አለ። አቶ ካሳ ግን ስለ በጉ ተቆጣ።

ዓይናዲስ ዘፈነች። አልዋሽም፣ ያን ቀን በሩ ዘይት ጠጥቶ ነበር። ወንዳወቅ ኦርጋኑን አንጫጭቶ ሲጨርስ ጎረምሶቹ አፏጩለት። ቀጥሎ ስሜ ተጠራ።

ወጣሁና በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ክርኔን እንደ ልቤ ዘረጋሁ። ያጠናሁትን ድንገቴ ጀመርኩ፤ ሕዝቡ ወደኔ ዞረ። አቶ ካሳ እንኳ ከበጉ ላይ ዓይኑን አንሥቶ አየኝ። ድንገት የምቆምበት ቦታ ደረስኩ። ቆምኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እንደ ጃፓኑ፣ ጸጥ።

በዚያች ጸጥታ ውስጥ ከኋላ በኩል አንድ ድምፅ ተነሣ።

«ተቀበል!»

ዓይኔን ሳልገልጥ ማን እንደሆነች አወቅሁ። ታይቱ ነጠላዋን አስተካክላ ቆማለች።

«ሌሊቱን በሙሉ ማሲንቆ አቅፎ አደረ፣
ሚስቴ ሄደች ብሎ አገር አማረረ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ፣ ብዙነህ፣ ዝም ልበል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር። እውነቴን ነው። እጄ ግን ደጋኑን ሳበ፣ አፌም ተከፈተ፤ «ሌሊቱን በሙሉ ማሲንቆ አቅፎ አደረ» እያልኩ ራሴን በሚያምር ዜማ ሰደብኩ። ደንብ ነዋ! ደግሞ «አማረረ» የምትለዋን ቃል ሳላስበው አርገብግቤ ለቀቅኋት። ሴቶቹ እልል አሉ።

«ተቀበል!» አለች ታይቱ፣ ሳልጨርስ።

«የልጄን ድምፅ እንኳ በር ነው ብሎ አማ፣
የሱን ዘፈን ሰምቶ ጅብ ነው የተስማማ!»

ተቀበልኩ። ምን ላድርግ? ልጃገረዶቹ ከበሮውን ጀመሩ። ከበሮ ከገባ ደግሞ ማን ያቆመዋል? ትንሣኤ ሰዓቱን ረስቶ ተነሥቶ ያጨበጭባል።

«ተቀበል!

በስተርጅና ነው ወይ ተማሪ ቤት መግባት፣
ከልጅ ተኮልኩሎ ጉሮሮ ማንኳኳት!»

ዘበኛው በር ላይ ሆኖ፣ «እውነት ነው! እኔ አይቻለሁ!» ብሎ መሰከረ። ይህንንም ተቀበልኩ። ቀጥላ ደግሞ አንድ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ሰጠች፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም፣ የሚገባው ይግባው። ሽማግሌዎቹ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ትንሣኤ «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያለ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይጠይቃል፤ ሰው ከሳቁ የተነሣ የሚመልስለት አጣ።

ወንዳወቅም ቀዳዳ አገኘ።

«ተቀበል አያ ብዙነህ!

ኦርጋኑን ይጠላል ዋሽንቱን ያማል፣
ከራሱ በስተቀር ማን ደስ ይለዋል!»

ጣቱን ቆንጥጬ ያስተማርኩት ልጅ! ይህንንም ተቀበልኩ። ላቤ ወረደ። ግን ያቺን ቦታ አልረሳሁም። ደመወዙን፣ የአቶ ካሳን «ግባ»ን። ፈተናው ከራስ ፈጠራ ነው ተብሏል። ደንቡም ከተቀበልክ በኋላ የራስህን አምጣ ይላል። አሁን የኔ ተራ ነው። ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ነገር አለ፤ ካሳን፣ ወንዳወቅን፣ ጋኑን፣ ታይቱንና እህቷን በአንድ ግጥም እጠርጋቸዋለሁ ብዬ ደጋኔን ከፍ አደረግሁ። ድምፄን ሞርጄ ጀመርኩ፦

«እኔም አለኝ ነገር ሆዴ ውስጥ የኖረ…»

ትንፋሽ ልወስድ አንዲት ቅጽበት ቆምኩ። ታይቱ ያቺን ቅጽበት ቀማችኝ።

«ሽሮ ነው መሰለኝ ቶሎ ያልተሻገረ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። አቶ ካሳ ወንበሩን ይዞ ሲወድቅ አይቻለሁ። በጉ ደንብሮ በሩን ጥሶ ወጣ፤ ባለቤቱ እየሳቀ ተከተለው። እኔም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ «ሽሮ ነው መሰለኝ»ን ተቀበልኩ። ቤት ሠርቷላ! ቤት የሠራ ግጥም እንዴት ይጣላል? ሁለት ጊዜ መላልሼ ዘፈንኩት።

ዝናቡ ሲያባራ ትንሣኤና አቶ ካሳ ጥግ ይዘው ተመካከሩ። ከዚያ ትንሣኤ ወደ ፊት ወጣ።

«ጋሽ ብዙነህ፣ እንደ ዛሬ ሲጫወቱ ሰምቼዎት አላውቅም» አለ። ደረቴ ትንሽ ቀና አለ። «ነገር ግን ፈተናው ድንገቴ ፈጠራ ነው። እርስዎ ከራስዎ የፈጠሩት አንዲት ስንኝ ናት። እሷንም ሌላ ሰው ጨረሳት።»

ደረቴ ተመለሰ።

«ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ በድንገት የፈጠሩት እትዬ ታይቱ ናቸው። አንደኛ እሳቸው ናቸው።»

ታይቱ ስሟ ሲጠራ ደነገጠች። «ምን አጠፋሁ? ቅጣት ካለው ቶሎ ንገሩኝና ልሂድ፣ ጥንስሴ ገንፍሎ ያልቅብኛል» አለች።

«ቅጣት አይደለም እትዬ፣ ሥራ ነው» አለ አቶ ካሳ፣ ሱሪውን እያራገፈ። «በዋግ ጮራ ተቀጥረሻል።»

«ምን ልሠራ?»

«ይኸንኑ። ግጥም ልትሰጪ።»

«ሰው እንድሰድብ ነው ደመወዝ የምትከፍሉኝ?» አለች ታይቱ። «እስከ ዛሬ በነጻ ስሠራ የት ነበራችሁ?»

ሕዝቡ ሳቀ። እኔ ማሲንቆዬን ጨርቁ ውስጥ መጠቅለል ጀምሬአለሁ። ሁለት ወር ጉሮሮዬን ያንኳኳሁት፣ ድንጋይ በጥርሴ የነከስኩት እኔ፤ ቦታውን የወሰደችው ከዝናብ የተጠለለች ጠላ ሻጭ። እሷን ሰርተፍኬት አለሽ ወይ ያላት አለ? ስንተኛ ክፍል ነሽ ያላት አለ?

አቶ ካሳ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። «ሰጪ ካለ ተቀባይ ያስፈልጋል» አለና ወንዳወቅን ጠራው። ወንዳወቅ ኦርጋኑን ለኮሰ። ታይቱ ከእግር እስከ ራሱ ቃኘችው።

«ተቀበል!

ባትሪው ያለቀ ዕለት ምን ይውጠው እሱን፣
ሽቦ ነው የሚፈታው የታሰረ ምላሱን!»

ወንዳወቅ ጣቱ ቁልፉ ላይ ቀረ። ጆሮው ቀላ። «እኔ ተሰድቤ የምዘፍን ሰው አይደለሁም! ክብር አለኝ!» ብሎ ኦርጋኑን አጠፋ።

«ይኸው!» አለች ታይቱ። «ይኸ አንዴ ሲነኩት የሚጠፋ ነው። ያንን አኩራፊ አምጡልኝ።»

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

«ብዙነህን?» አለ አቶ ካሳ።

«እሱን ነዋ። ቢናደድም ይቀበላል። ደግሞ ፊቱን ሳይ ነው ግጥም የሚመጣልኝ። እሱ ከሌለ አልቀጠርም፣ ጥንስሴ ይሻለኛል።»

ትንሣኤ በደስታ እጁን አጨበጨበ። አቶ ካሳ ጉሮሮውን ጠራረገ። ስንት ዓመት የጠበቅኋት ደቂቃ መጣች፤ ሕዝብ እያየ፣ አቶ ካሳ ቆሞ፣ እኔ ተቀምጬ።

«እንግዲህ ብዙነህ፣ ግባ። ምን ትላለህ?»

ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር አለኝ። በልቤ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት አለ፤ ከዚያ መለመን አለ፤ ከዚያ ስለ ከበሮ መቺው የአክስት ልጅ አንዲት ነገር አለች። ቀስ ብዬ ተነሣሁ። ማሲንቆዬን ከጨርቁ አወጣሁና ብብቴ ሥር አደረግሁት። ያደረግሁት ለክብር ነው።

«አቶ ካሳ» አልኩ። «በ1985 ዓ.ም. እኔ ደጅህ ስመጣ…»

«ተቀበል!» አለች ታይቱ።

ንግግሬ እዚያው ቀረ፤ ተቀበልኩ። ግጥሙ ስለ እግሬ ጣቶች ነበር፤ ዝርዝሩ ለማንም አይጠቅምም። ዓይናዲስ ግን እስከ ዛሬ፣ ያን ቀን ከተቀበልካቸው ሁሉ እሱን ነው አሳምረህ የዘፈንከው ትለኛለች።